በሰው ባሕር ላይ የሚሰቀል ባንዲራ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ አንድ የቀድሞ ተማሪ ያደረገው ንግግር)



ከሁለት ሳምንት በፊት ዲሬክተሩ አስጠርተውኝ «ስለ ባሕር ኑሮህ ለተማሪዎቹ አንድ ንግግር አድርግላቸው» ባሉኝ ጊዜ በመጀመሪያ ደስ አለኝ። ማታ ብዕርና ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ግን ጨነቀኝ። ስለ ማዕበል እንዳልናገር ማዕበልን በሲኒማ ያያችሁ ሁሉ ከእኔ ይልቅ አሳምራችሁ ታውቁታላችሁ። ስለ ዓሣ ነባሪ እንዳልናገር እኔ ራሴ አንድም ቀን አላየሁም። ስለዚህ በእጄ የያዝሁትንና በእርግጥ የማውቀውን ትንሽ ነገር ልንገራችሁ ብዬ ቆረጥሁ። ይኸውም ርዝመቱ ከክንድ የማይበልጥ፥ ጀልባ ወደ ሌላ አገር ባሕር ስትገባ የምትሰቅለው የአክብሮት ባንዲራ ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር መናዘዝ አለብኝ። በዚህ ግቢ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ጧት ጧት ባንዲራ ከሚሰቅሉት ሁለት ልጆች አንዱ ነበርሁ። አንድ ቀን ገመዱን አጣምሜ አስሬው ኖሮ ባንዲራው ከምሰሶው እኩሌታ ደርሶ ቀጥ አለ። መዝሙሩ ተጀመረ፤ መዝሙሩ አለቀ፤ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ተሰልፎ ቆሞ እኔ ገመድ እጎትታለሁ። ምሰሶው ዛሬም እዚያው ስፍራው ላይ ነው፤ ስገባ አይቼው አንገቴን ደፋሁ። እንግዲህ ስለ ባንዲራ የሚነግራችሁ ሰው በዚህ ግቢ በባንዲራ ነገር ስሙ የማይነሣ ሰው መሆኑን እወቁልኝ።

በ2010 ዓ.ም. ክረምት፥ እዚህ አገር ጭቃና ዝናብ በሆነበት ወራት፥ እኔ በማልታ ደሴት ከአንዲት የሸራ ጀልባ ላይ ተቀጠርሁ። ክረምት ማለቴ በእኛ ነው፤ በዚያ አገር ያን ጊዜ ሰማዩ ጠብታ አያወርድም። ጀልባይቱ 14 ሜትር፥ በእነርሱ አነጋገር 46 ጫማ የምትሆን ባለ አንድ ምሰሶ ነበረች። ባለቤቷም ካፒቴኗም አንድ ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ነበሩ። እኔም ሸራ የምስብ፥ ገመድ የምጠቀልል፥ ሽንኩርት የምልጥ፥ በጠቅላላው ማንም የማይፈልገውን ሥራ ሁሉ የምሠራ ነበርሁ። ከሥራዎቼም አንዱ ባንዲራ መስቀልና ማውረድ ሆነ። ካፒቴኑ «ከዚህ በፊት ባንዲራ ሰቅለህ ታውቃለህን?» ብለው ቢጠይቁኝ «በትምህርት ቤት ሰቅያለሁ» አልሁ፤ እንዴት እንደ ሰቀልሁ ግን አልነገርኋቸውም።

አሁን የባንዲራዎቹን ስፍራ ላስረዳችሁ። በጀልባይቱ ኋላ የሚሰቀለው የራሷ የዜግነት ባንዲራ ነው፤ ጀልባይቱ የማን አገር እንደ ሆነች፥ በየትኛውም ሕግ እንደምትዳኝ የሚናገር እርሱ ነው። ምሰሶው ደግሞ ከፍ ካለው ስፍራ ላይ እንደ መስቀል ወደ ቀኝና ወደ ግራ የተዘረጉ ሁለት ክንዶች አሉት። በቀኙ ክንድ ላይ የሚወጣው የባለ አገሩ ባንዲራ ነው። በመርከብ ልማድ ቀኝ የክብር ጎን ስለ ሆነ ነው። በዚያ ገመድ ላይ ከእርሱ በላይ ሌላ ምንም ነገር አይሰቀልም። ሁለት ምሰሶ ያላት ጀልባ የሆነች እንደ ሆነ በፊተኛው ምሰሶ ቀኝ ክንድ ላይ ነው።

ከዚህ ሌላ አንድ ብጫ ባንዲራ አለ። በመርከቦች የምልክት ፊደል «ኪው» ይባላል፤ ትርጉሙም «መርከቤ ጤናማ ነው፤ እንድገባ ፈቃድ እለምናለሁ» ማለት ነው። እኔ ይህን በሰማሁ ጊዜ አዲስ ነገር አልሆነብኝም። በአገራችን ሰው ወደ ሰው ግቢ ሲደርስ ዘው ብሎ አይገባም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ውሻው ይታሰራል፤ ባለቤቱ ወጥቶ «ግቡ» ይላል፤ ከዚያም ሰላምታው ይቀጥላል። ብጫው ባንዲራ «ቤቶች!» ማለት ነው፤ የአክብሮቱ ባንዲራ ሰላምታው ነው። አንዳንድ ባሕረኞች ብጫውን ሰቅለው፥ የጉምሩክና የፓስፖርት ሹሞች ፈቃድ ከሰጡ በኋላ ብጫውን አውርደው የአገሩን ባንዲራ ይሰቅላሉ። የእኛ ካፒቴን ግን የአገሩን ባሕር ከረገጡ ጀምሮ ሰላም ማለት ይገባል ብለው የአገሩን ባንዲራ በድንበሩ ላይ፥ ብጫውንም ከእርሱ በታች ያሰቅሉኝ ነበር። ድንበሩም በብዙ አገር ከባሕሩ ዳር 12 የባሕር ማይል፥ ማለት 22 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ይህ ሁሉ በአብዛኛው አገር ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም። ዳሩ ግን ልማድ ነው ብሎ የሚንቀው ሰው ሰላም ሳይል ሰው ቤት የገባን ሰው ይመስላል፤ አያስሩትም፥ ነገር ግን ቡናም አያፈሉለትም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ፤ እርሱም ባንዲራውን መምረጥ ነው። እናንተ «ምን ምርጫ አለው? የአገሩን ባንዲራ መግዛት ነው» ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ካፒቴኑ ሣቁብኝ። አያሌ አገሮች በምድር የሚሰቅሉት ሌላ፥ በባሕር የሚሰቅሉት ሌላ ነው፤ እንግዳ የሆነች ጀልባ ደግሞ የሚገባት የባሕሩን መስቀል ነው። ሁላችሁም የምታውቁትን ባለ ብዙ መስቀል የእንግሊዝን ባንዲራ አስቡ። ብዙ የውጭ አገር ሰው በቅን ልቡና እርሱን ሰቅሎ እንግሊዝ አገር ይገባል። ነገር ግን የእንግሊዝ ነጋዴ መርከብና የግል ጀልባ እርሱን መስቀል አይፈቀድላቸውም። የእነርሱ ከ1864 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ ቀዩ ባንዲራ ነው፤ መደቡ ቀይ ሆኖ ያ የምታውቁት ምልክት በማዕዘኑ ላይ ብቻ ያለበት። እንግዳም የሚሰቅልላቸው ይህንኑ ቀዩን ነው። ወደ ስኮትላንድ የሚሄድ ደግሞ የስኮትላንድን ሰዎች ደስ አሰኛለሁ ብሎ በሰማያዊ መደብ ላይ ነጭ መስቀል በሰያፍ የተሻገረበትን ባንዲራቸውን ቢሰቅል፥ በመርከቦች የምልክት ፊደል ያ ጨርቅ «ኤም» ነው፤ «መርከቤ ቆሟል፥ በውኃውም ላይ አይሄድም» ማለት ይሆናል። በሙሉ ሸራ እየበረረ ቆሜአለሁ የሚል ሰው ምን ይባላል?

ማልታ በምድር የምትሰቅለው ነጭና ቀይ ሆኖ በማዕዘኑ ላይ በ1942 ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ለደሴቲቱ ሕዝብ ስለ ጀግንነቱ የሰጡት መስቀል ያለበት ነው። ነጋዴ መርከቦቿ ግን ዙሪያው ነጭ ጠርዝ ያለው ቀይ ባንዲራ፥ በመካከሉ ነጭ የማልታ መስቀል ያለበትን ይሰቅላሉ። ጣሊያንም እንዲሁ ናት። አረንጓዴ፥ ነጭ፥ ቀይ የሆነው ባንዲራዋ በባሕር ላይ ሲሆን በመካከሉ የአራት የጥንት የባሕር ከተሞች፥ የቬኔስያ፥ የጄኖቫ፥ የአማልፊና የፒሳ ዓርማ ይጨመርበታል። ሜክሲኮም እነዚያኑ ሦስት ቀለሞች በዚያው ተራ ስለምትሰቅል ይህ ዓርማ እንዳይምታቱ ይረዳል። ግሪኮችም ቀድሞ በምድርና በባሕር ሁለት ባንዲራ ነበራቸው፤ ከ1978 ወዲህ ግን ዘጠኝ መሥመር ያለበት ሰማያዊና ነጩ ለሁሉም ሆነ። ለእኔ ለባንዲራ ሰቃዩ ግሪኮች ባለውለታዎቼ ናቸው።

መገልበጥም ሌላ መከራ ነው። የኢንዶኔዥያና የሞናኮ ባንዲራ ከላይ ቀይ ከታች ነጭ ነው፤ ብትገለብጡት ፖላንድ ይሆናል። የአይርላንድን ባንዲራ በተሳሳተ ጫፉ ያሰረ ሰው ኮት ዲቯርን ሰቅሏል። የፈረንሳይን ሰማያዊ፥ ነጭ፥ ቀይ በዚሁ ዓይነት ያዞረ ሰው ደግሞ በምልክት ፊደል «ቲ» ሆነበት፤ ይኸውም «ከእኔ ራቁ፤ ከጓደኛዬ ጋር ሆኜ መረብ እየጎተትሁ ዓሣ አጠምዳለሁ» ማለት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። በባንዲራው ላይኛ ጫፍ ትንሽ የእንጨት ቁልፍ፥ በታችኛው ጫፍ የገመድ ቀለበት ይሰፋበታል። እንጨቱ ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። በጨለማ እንኳ ቢሆን በእጅ ዳስሶ ማወቅ ይቻላል። ይህን ያወቀ ሰው በዚህ ግቢ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በነበርሁ ጊዜ ቢነግረኝ ኖሮ!

ስለ መጠኑ ብዙ አልናገርም። የኋላው ባንዲራ ለጀልባይቱ አንድ አንድ ጫማ ርዝመት አንድ አንድ ኢንች ነው ይላሉ፤ ለእኛ 46 ኢንች፥ ማለት 117 ሳንቲ ሜትር ደረሰ። የአክብሮቱ ከዚያ ያንሳል፤ የእኛዎቹ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበሩ። እንደ መሐረብ ያነሰ መስቀል ግን ንፉግነት ነው። ጨርቁም ጥጥ ባይሆን ይሻላል፤ ጥጥ ከጨው ውኃ ጋር አይስማማም።

ከማልታ ተነሥተን ወደ ሲራኩዛ፥ ከዚያ ወደ ኮርፉ፥ ቀጥሎም በ1893 የተከፈተውንና 6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን የኮሪንቶስን ቦይ አልፈን ወደ ኤጌ ባሕር ገባን። ካፒቴኑ ባንዲራዎቹን ሁሉ በጫማ ሣጥኖች ከፍለው፥ በየሣጥኑ ላይ የአገሩን ስም ጽፈው ያስቀምጡ ነበር። እንግሊዝ በዚያ ዓመት ገና ከአውሮፓ ኅብረት ስላልወጣች ብጫው ባንዲራ በዚህ ሁሉ መንገድ ከሣጥኑ አልወጣም። መስከረም ሲጠባ ከቱርክ አገር ፊት ለፊት ባለችው በኮስ ደሴት ወደብ ታስረን ነበር።

በኮስ ወደብ አንድ ነገር ሆነ፤ ይህን ንግግር ስጽፍ ላስቀረው አስቤ ነበር፤ ዳሩ ግን ካለእርሱ የቀረው ሁሉ የሱቅ ዝርዝር ይሆናል።

ከቤት ስወጣ እናቴ ከመርካቶ ገዝተው ባንዲራችንን በሻንጣዬ ውስጥ አኑረውልኝ ነበር። አረንጓዴ፥ ብጫ፥ ቀይ፥ በመካከሉ ሰማያዊ ክብና ኮከብ ያለበት፤ ጥጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ገና ጎሕ ሳይቀድ ተነሣሁ። አበባ አየሆሽ የሚልልኝ የለ፥ ችቦ የለ፥ ቄጤማ የለ። ባንዲራውን አወጣሁና በቀኙ ክንድ ላይ ሰቀልሁት፤ በግሪኩ ባንዲራ በላይ። ገመዱ አልተጣመመም፤ ያለ አንዳች ችግር ወጣ። ቆሜ ሳየው ዓይኔ እንባ ሞላ።

ካፒቴኑ ቡና ይዘው ወጡ፤ ቀና አሉ፤ ፊታቸው ተለወጠ። «አሁኑኑ አውርደው!» አሉኝ። እንደዚያ ጮኸው ተናግረውኝ አያውቁም ነበር። ከእኛ ጋር ለጥቂት ቀናት የተሳፈረ አንድ እንግዳ ነበር፤ እርሱም እየሣቀ «ለመሆኑ ባሕር የሌለው አገር ባንዲራ በጀልባ ላይ ምን ይሠራል?» አለ። እኔ ባንዲራዬን አወረድሁ። ከዚያም ወደ ክፍሌ ገብቼ ልብሴን በሻንጣዬ ውስጥ መክተት ጀመርሁ። ደመወዝ ቢቀርብኝ ይቅር፥ እዚህ ጀልባ ላይ አንድ ሌሊት አላድርም አልሁ። ሰድበውኛል ብዬ ነበር፤ እኔን ብቻም አይደለም፥ እናቴንም ጭምር።

ካፒቴኑ ተከትለውኝ መጡ፤ አንድ አሮጌ መጽሐፍም በብብታቸው ይዘዋል። በአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና «ያ ስፍራ የባለቤቱ ነው። የእኔም ንግሥት ባንዲራ ቢሆን ከዚያ ላይ አይወጣም። ከግሪኩ በላይ ሌላ የአገር ባንዲራ የሰቀለ ሰው ቤቱ የእኔ ነው እንዳለ ያስቆጥርበታል። ጩኸቴ የወደቡ ሰዎች ሳያዩ እንድታወርደው ነው» አሉኝ። በጀልባው ላይ ላለ ሠራተኛ ወይም እንግዳ አገር ባንዲራ መስቀል የተፈለገ እንደ ሆነ በግራው ክንድ እንደሚሰቅሉት ነገሩኝ። እንግዳው ስላለውም ነገር ተቆጥተው ኖሯል። መጽሐፉን ገልጠው አሳዩኝ፤ በ1921 በባርሴሎና የተሰበሰቡ መንግሥታት የባሕር ዳርቻ የሌለው አገር በባንዲራው መርከብ የማስኬድ መብት እንዳለው በመግለጫ ተቀብለዋል። በ1982 የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግም በ90ኛው አንቀጹ ይህንኑ ይላል። ስዊስ ከ1941 ጀምሮ በተራራ መካከል ሆና መርከቦቿን በባዝል ከተማ ስም ታስኬዳለች።

እኔም በተራዬ እርሳቸው የማያውቁትን ነገርኋቸው። የመርከብ ድርጅታችን በ1956 ዓ.ም. መቋቋሙን፥ በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ ነፃ አገር ስትሆን የባሕር በር አልባ ብንሆንም መርከቦቻችን ባንዲራችንን በኋላቸው ሰቅለው እንደሚሄዱ፥ ጂቡቲም ሲገቡ የጂቡቲን ባንዲራ በክብር ስፍራ እንደሚሰቅሉ ነገርኋቸው። ካፒቴኑ አዳመጡኝ። ከዚያም ባንዲራዬን ከእጄ ተቀብለው ወጡና በገዛ እጃቸው በግራው ክንድ ላይ ሰቀሉት። እንግዳውም ቀና ብሎ አየ፤ ምንም አልተናገረም። በዚያን ዕለት ምሳ ላይ ሽንኩርቱን የላጠው እርሱ ነው። ካፒቴኑ አዝዘውት ይሁን በፈቃዱ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ከጥቂት ቀን በኋላ ወደ ቦድሩም ተሻገርን። ቦድሩም ከኮስ ሆኖ በዓይን ይታያል። በኤጌ ባሕር ሁለቱም አገሮች የያዙት 6 የባሕር ማይል ነው፤ እዚያ ግን ባሕሩ ጠባብ ስለ ሆነ የግሪክ ውኃ ሲያልቅ ወዲያው የቱርክ ይጀምራል፤ መካከሉ ላይ ማረፊያ የለም። ስለዚህ የቱርክን ባንዲራና ብጫውን በእጄ ይዤ ቆምሁ። ካፒቴኑ ካርታውን እያዩ «አሁን!» ሲሉ የግሪኩን አውርጄ የቱርኩን፥ ከእርሱም በታች ብጫውን ሰቀልሁ። ጎበዝ ሆንሁ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ወደቡ ላይ አንድ ሹም ገመዳችንን ተቀብለው ከማሰራቸው በፊት ወደ ላይ አመለከቱ። «ይህ የአገሬ ባንዲራ ነው ወይስ የእጅ መጥረጊያ?» አሉ። ቀና ብል እውነታቸውን ነው። ባንዲራው የአምና ነበር፤ ፀሐይ ቀዩን ወደ ሐምራዊ ለውጦታል፥ የኤጌ ሰሜን ነፋስም ጫፉን ተርትሮታል። ከሣጥን ሳወጣው አይቼው ነበር፤ «ለአንድ ቀን ይበቃል» ብዬ አለፍሁት። በቱርክ አገር በ1983 በወጣው የባንዲራ ሕግ የተቀደደና የደበዘዘ ባንዲራ መስቀል ክልክል ነው። ካፒቴኑ በእኔ ፈንታ ይቅርታ ጠየቁ። እኔ ወደ ከተማ እየሮጥሁ አዲስ ገዝቼ መጣሁ። ሹሙም አዲሱ ሲወጣ ቆመው አዩና ባርኔጣቸውን አነሡ። ቀጥለውም ወደ ግራው ክንድ እያመለከቱ «ያ ደግሞ ጋና ነው? ካሜሩን ነው?» አሉኝ። እኔም እስኪሰለቻቸው ድረስ አስረዳኋቸው።

የእናቴ ባንዲራ በግራው ክንድ ላይ ሦስት ሳምንት ቆየ። ጥጥ ነውና ጨዉ በላው፥ አረንጓዴው ወደ ብጫው ተጋባ፥ ጫፉም መተርተር ጀመረ። አንድ ማታ ካፒቴኑ «የቱርኩን አዲስ ገዝተን የአንተን እንደዚህ መተው አይገባም» አሉኝ። አወረድሁት፥ አጣጥፌም በሻንጣዬ ውስጥ መለስሁት።

ስመለስ እናቴ አዩትና «ምን አደረግኸው?» አሉኝ፤ መልስም ሳይጠብቁ መርፌና ክር አመጡ። ዛሬ እዚህ ከወላጆች መካከል ተቀምጠዋል። ባንዲራው ከሌሎቹ ጋር በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የማልታው፥ የጣሊያኑ፥ የግሪኩ፥ የተቀደደውም የቱርክ አለ። ንግግሩ ካለቀ በኋላ መጥታችሁ እየነካችሁ ማየት ትችላላችሁ። የእንጨቱ ቁልፍ ያለበት ጫፍ ላይኛው ነው።